የወቅቱ የመጨረሻ ጭነት

ቡና የሚደርሰው ባሮ ሲጎድል ነው። በካፋ ጫካ ውስጥ እሸቱ መቅላት የሚጀምረው ክረምቱ ፋታ ሲሰጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ለቀማው ጥቅምትንና ኅዳርን ይዞ፣ እንደ ቦታው ከፍታ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የቦንጋ አካባቢ ገበሬ የለቀመውን እሸት አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ቀን እያገላበጠ፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው እየሸፈነ፣ ጀንፈል እስኪሆንለት ሳምንታት ይጠብቃል። ደርቆ ኬሻ ሲገባ ታኅሣሥና ጥር ሆኗል። በእነዚያው ወራት ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርደው ባሮ፣ በነሐሴ ደለል ተሸክሞ ሲጋልብ የነበረው ወንዝ፣ ውኃው ይሸሽና አሸዋው ይገጥጣል።

ዛሬ ይህ አለመገጣጠም ማንንም አያስጨንቅም። ቡናው በመኪና ተጭኖ ጎጀብን በድልድይ ይሻገራል፤ ጅማን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ወደ ዓለም ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ የባሮ መርከብ ነበር። መርከቡ ሲመጣ አዲሱ ቡና ገና ዛፍ ላይ ነው፤ ቡናው ሲደርስ መርከቡ የለም። ነጋዴው በሁለቱ ወቅቶች መካከል ተወጥሮ ይኖር ነበር።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ውጥረት ነው። በውኃ ላይ የሚነግድ ሰው፣ ወንዝ ዳርም ይሁን ሐይቅ ዳር፣ ከአለቆቹ ሁሉ በላይ የሚያዘው ወቅት ነው። ወቅቱ ሊዘጋ ሲል «አንድ ጉዞ ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በዚያች አንድ ጉዞ ምን እንደሚሆን ለመረዳት መጀመሪያ ባሮን፣ ቀጥሎ ከእኛ እጅግ ርቆ የሚገኝ አንድ ሐይቅን እናያለን፤ መጨረሻ ላይ ከካፋ የሚነሣው ጎጀብ ወደሚገባበት አዲስ ሐይቅ እንመጣለን።

ባሮ

አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ ከውሉ አንቀጾች አንዱ የተጻፈው ለንግድ ነበር። በአራተኛው አንቀጽ መሠረት የሱዳን መንግሥት በኢታንግ አጠገብ፣ በባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ቦታው ሲመረጥ ግን ለደጋው ግርጌ ይበልጥ የቀረበችው ጋምቤላ ተሻለች። ከዚያ ወዲያ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ ከዚያም በባሮ ሽቅብ እየወጡ ጋምቤላ መልሕቅ ይጥሉ ጀመር።

በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ባሮ ላይ ሲታይ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በነጭ ዓባይ ዳር ያለችውን ፋሾዳን ለመያዝ የመጣው የፈረንሳዩ መኮንን የማርሻን ጓድ «ፌደርብ» የተባለች ትንሽ መርከብ ነበረችው። ወታደሮቹና ተሸካሚዎቹ ፈታትተው ከኮንጎ ተፋሰስ ወደ ዓባይ ተፋሰስ በጉልበት አሻግረዋት፣ መልሰው ገጣጥመው ፋሾዳ አደረሷት። እንግሊዞች ቦታውን ካስለቀቋቸው በኋላ በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. በሶባትና በባሮ አድርገው ወደ ኢትዮጵያ አቀኑ። ግን በጋ ነበር። ባሮ ጎድሎ መርከቢቱ አልሄድ ስትል እዚያው ወንዙ ላይ ትተዋት በእግር ወደ ጎሬ፣ ከጎሬም ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። ጫካና ረግረግ በሰው ትከሻ የተሻገረችን መርከብ ያስቀራት የባሮ የበጋ ውኃ ነው።

የጋምቤላ ንግድ የተሠራው በዚሁ የወንዝ ሕግ ላይ ነው። መርከብ የሚወጣው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግድም፣ ደጋው ዘንቦ ወንዙ ቆላ ላይ ሲሞላ ነው። ቡና ከደጋ የሚወርደው ደግሞ በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ከጎሬና ከቡሬ፣ ከደምቢ ዶሎም የሚመጣው ቡና ወደ 2,000 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ተነሥቶ 500 ሜትር ግድም ወደሆነው ቆላ በበቅሎና በሰው ጀርባ ይወርዳል። ቆላው የገንዲ አገር ነውና የጋማ ከብት አይበረክትበትም፤ የመጨረሻውን ቁልቁለት ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ሰው ነበር። ጋምቤላ የደረሰው ቡና በግሪክና በሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ተከማችቶ ክረምትን ይጠብቃል። መርከቡ ሲመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ይጭናል፣ ይመለሳል። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚወስነው ዝናቡ ነው።

ከወራቱ ሁሉ አስቸጋሪው ጥቅምት ነበር። መጋዘን ውስጥ ገና ያልተጫነ ኬሻ አለ፤ ገዢው ይጠብቃል፤ ወንዙ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይወርዳል። ተጨማሪ ጭነት ልውሰድ ብሎ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ፣ ሊያነሣው የሚችለው የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ነው። ኪሳራው ከባድ ነው። ቢሆንም አሸዋ አይገድልም። መርከበኛው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ ቡናው በሌላ መንገድ ይመለሳል፣ ቀፎው ክረምቱን ይጠብቃል። ባሮ ለተሳሳተ ስሌት የሚያስከፍለው ገንዘብና ጊዜ ነው።

የካፋ ቡና ራሱ በአብዛኛው ፊቱን ያዞረው ወደ ጅማ ነበር፤ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ሒርማታ ገበያ። ጣልያን አገሩን በያዘባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተሠራው መንገድ ደግሞ ሚዛኑን ለመኪና አደላው። በነሐሴ 1947 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ሱዳን ነፃ ወጣች፤ በ1949 ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የመርከቡም ዘመን አበቃ።

ሱፔሪየር

ጥልቅ ሐይቅ እንደ ባሮ አይደለም። ጥልቅ ሐይቅ ላይ የወቅቱ መጨረሻ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ታሪክ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ፣ በአሜሪካና በካናዳ መካከል በተዘረጉት አምስት ታላላቅ ሐይቆች ነው። ከእነሱ ሁሉ ሰፊው ሱፔሪየር ነው። ስፋቱ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሱፔሪየር ሃያ ሰባት ጣናን ይውጣል። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ነው፤ የሱፔሪየር እስከ 406 ሜትር ይደርሳል።

በዚያ አገር የመርከቡን መንገድ የሚዘጋው የውኃ ማነስ ሳይሆን በረዶ ነው። ክረምታቸው ገብቶ ሐይቁ ሲጋገር መርከብ ሁሉ ወደብ ይገባል፤ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሳምንታት የብረት ፋብሪካዎች ለክረምት የሚሆናቸውን የብረት አፈር ለማከማቸት ይጣደፋሉ። ክፋቱ ጥድፊያው ከአውሎ ነፋስ ወቅት ጋር መግጠሙ ነው። በበጋ ሲሞቅ የከረመው የሐይቁ ውኃ ገና ሙቀቱን ሳይጨርስ ከዋልታ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ላዩ ላይ ይወርዳል፤ የሁለቱ ልዩነት ነፋሱን ያበረታል። በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 1 ቀን 1906 ዓ.ም. በሐይቆቹ ላይ የነፈሰው አውሎ 12 መርከቦች አስምጦ ከ250 በላይ ሰዎች ገድሏል። ይህን የማያውቅ የሐይቅ መርከበኛ አልነበረም። የአገሬው የብረት ፋብሪካም ያውቃል። ሆኖም በየዓመቱ በዚያው ወር ይጫን ነበር።

«ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ» የተባለው መርከብ ውኃ የነካው ግንቦት 30 ቀን 1950 ዓ.ም. በሚቺጋን ነው። ርዝመቱ 222 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሐይቆቹ ላይ ከሚሄዱት ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ስሙን ያገኘው መርከቡን ካሠራው የሕይወት መድን ኩባንያ ሊቀ መንበር ነው። ሥራው ከምዕራባዊው የሱፔሪየር ጠረፍ የብረት አፈር ጭኖ ወደ ዲትሮይትና አካባቢው የብረት ፋብሪካዎች ማድረስ ነበር። አፈሩ ተፈጭቶ፣ በእሳት ተጠብሶ፣ የመዳፍ ውስጥ ጠጠር የሚያህል ድቡልቡል ሆኖ ነው የሚጫነው።

በ1968 ዓ.ም. ጥቅምት 29 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1975)፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15 ላይ፣ መርከቡ በዊስኮንሲን ግዛት ካለችው የሱፔሪየር ከተማ ወደብ ወጣ። የጫነው ከ26,000 ቶን በላይ ነው። ፈረሱላው 17 ኪሎ በሆነው በእኛ የቡና ሚዛን ቢሰፈር አንድ ሚሊዮን ተኩል ፈረሱላ ያልፋል። በመርከቡ 29 ሰዎች ነበሩ። አዛዡ ኧርነስት ማክሶርሊ የ63 ዓመት ሰው፣ ዕድሜውን በሐይቅ ላይ የጨረሰ ነው፤ ወቅቱ ሲያበቃ ጡረታ ሊወጣ አስቦ ነበር።

ሲነሡ አየሩ ደህና ነበር። የአየር ትንበያው አውሎው ከሐይቁ በስተደቡብ ያልፋል ብሎ ነበር። ማታ 1 ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከፍ ወዳለ ማስጠንቀቂያ ተለወጠ። ማክሶርሊና ከኋላው የሚመጣው የ«አርተር አንደርሰን» መርከብ አዛዥ በርኒ ኩፐር በሬዲዮ ተመካክረው ወደ ሰሜን፣ የካናዳን ጠረፍ ተጠግተው ለመሄድ ተስማሙ። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ ከፍ ያለው ጠረፍ ይጋርዳቸዋል። መንገዱ ይረዝማል፤ ብልህ ውሳኔ ነበር።

እዚህ ላይ ማዕበል እንዴት እንደሚያድግ መረዳት ያስፈልጋል። ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት ጊዜ ርዝማኔ፣ ነፋሱ ምንም ሳይከልለው በውኃው ላይ የሚጋልብበት ርቀት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሱፔሪየር ከዳር እስከ ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአውሎው መሐል በሐይቁ ላይ ካለፈ በኋላ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ መምጣት ጀመረ። ጠረፉ የሰጠው ጥላ አበቃ። ሁለቱ መርከቦች የደረሱት ወደ ሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነበርና፣ ነፋሱ የሐይቁን ሜዳ ሙሉ ጋልቦ የሚያደርሰው ማዕበል ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ሆነ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ማክሶርሊ ለኩፐር በሬዲዮ ነገረው፤ የመርከቡ የጎን አጥር ወድቋል፣ ሁለት የአየር ማስገቢያ ቱቦዎች ተነቅለዋል፣ መርከቡ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፣ ፓምፖቹ እየሠሩ ነው። ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ከአጠገቤ አትራቅ አለው። ብዙም ሳይቆይ ራዳሮቹ ተበላሹ። ከዚያ በኋላ የሚመራው አንደርሰን በራዳሩ እያየ በሬዲዮ በሚነግረው አቅጣጫ ብቻ ነው። ሊደርሱበት ያሰቡት የዋይትፊሽ የባሕር ወሽመጥ መግቢያ ላይ ያለው ፋኖስና የሬዲዮ ምልክትም በአውሎው ጠፍቶ ነበር። ማዕበሉ ከሰባት ሜትር ይበልጥ፣ አንዳንዴም አሥር ሜትር ይደርስ ነበር።

ምሽት 1 ሰዓት ከ10 ላይ በአንደርሰን ላይ የነበረው መኮንን ጠራቸው። ስለ ሌላ መርከብ ከነገራቸው በኋላ የገጠማቸውን ችግር እንዴት እንደያዙት ጠየቀ። የማክሶርሊ መልስ እየተቋቋምነው ነው የሚል ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ መርከቡ ከራዳሩ ጠፋ። የእርዳታ ጥሪ አልተሰማም። ወደ ወሽመጡ የቀረው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ኩፐር የራሱን መርከብ አምጥቶ ወደ ወሽመጡ አስገብቷል፤ ደህና ነው። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ በአቅራቢያው ሌላ የሚልኩት መርከብ ስላልነበራቸው ተመልሶ ወደዚያው አውሎ እንዲወጣ ለመኑት። እያንዳንዱ የመርከብ አዛዥ ሊያስብበት የሚገባ ጊዜ ነው ይሄ። ወጣ። ከእሱ ጋር «ዊሊያም ክሌይ ፎርድ» የተባለ ሌላ መርከብም ወጣ። ያገኙት የተሰባበሩ የሕይወት አድን ጀልባዎችና ዕቃ ብቻ ነው። ከ29ኙ አንድም ሰው አልተገኘም፤ አስከሬንም አልወጣም። ከአራት ቀን በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ቀፎውን በ160 ሜትር ጥልቀት አገኘው። ለሁለት ተሰብሯል፤ የፊቱ ክፍል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ የኋላው ተገልብጧል።

1,428 ማያያዣዎች

አንድ መርከብ እንዴት ነው በደቂቃዎች ውስጥ ያለ ጥሪ የሚጠፋው? ሁለት መንግሥታዊ ምርመራዎች ተደርገዋል፤ የጠረፍ ጠባቂው በ1969፣ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ በ1970 ዓ.ም. ሪፖርታቸውን አወጡ። የመርከብ ባለቤቶቹ ማኅበር ደግሞ አልተስማማም። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ ግን ክርክሩ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

በመርከቡ ወለል ላይ 21 የጭነት መግቢያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ከብረት የተሠራ ክዳን አለው፤ ክዳኑ የሚጠብቀው ዙሪያውን በ68 ማያያዣዎች ነው። 21 በ68 ሲባዛ 1,428 ይሆናል። ጭነት ካለቀ በኋላ መርከበኞቹ በወለሉ ላይ እየዞሩ እያንዳንዱን በእጅ ማጥበቅ አለባቸው። አየሩ ጥሩ በሆነበት ከሰዓት፣ ወደቡን ለመልቀቅ በሚቸኮልበት ጊዜ፣ ይህ ምን ያህል አሰልቺ ሥራ እንደሆነ መገመት ከባድ አይደለም። መርማሪዎቹ በጥልቁ የተነሡትን ፎቶዎች ሲያዩ ብዙዎቹ ማያያዣዎች ሳይታጠፉና ሳይሰበሩ አገኟቸው። ክዳኑ በኃይል ተነቅሎ ማያያዣው ደህና ከሆነ፣ ከመጀመሪያው አልጠበቀም ማለት ነው ሲል የጠረፍ ጠባቂው ደመደመ። በእሱ አባባል ውኃው በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ገባ። የትራንስፖርት ቦርዱ ደግሞ ክዳኖቹ በማዕበሉ ክብደት ተደርምሰው ውኃው በአንዴ ገባ ብሏል። የባለቤቶቹ ማኅበር ክዳኖቹን አይከስም፤ በካሪቡ ደሴት አጠገብ ባለው ጥልቀት የሌለው ቦታ ሆዱ ድንጋይ ነክቷል ይላል። መርከቡ የውኃ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ አልነበረውም።

እኔ ከሁሉም ይልቅ የማየው ሌላ ቁጥር ነው። ማንኛውም ጀልባ ሲጫን ወደ ውኃው ዝቅ ይላል፤ ከውኃው በላይ የሚቀረው ጎኑ መጠባበቂያው ነው። ማዕበል ሲመታ መርከቡን የሚመልሰው፣ ውኃውን ከወለሉ የሚያግደው ያ ደረቅ ጎን ነው። ሲወርድ ሁለት ነገር ይከፋል፤ ማዕበል በቀላሉ ይወጣበታል፣ ወለሉ ላይ የቆመው ውኃም ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። በብሪታኒያ የምክር ቤት አባል የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ለዓመታት ተሟግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በመርከብ ጎን ላይ ከዚህ በላይ አትጭን የሚል መስመር እንዲሳል ያደረገው ለዚህ ነው።

ለፊትዝጀራልድ የተፈቀደው የጭነት መስመር በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ጊዜ ተለውጧል። በድምሩ ከውኃ በላይ መቅረት ከሚገባው ጎን አንድ ሜትር ያህል ተቀነሰ። ርዝመቱንና ወርዱን ይዘን በግርድፉ ብናሰላ፣ ያ አንድ ሜትር በአንድ ጉዞ ከ4,000 ቶን የማያንስ ተጨማሪ ጭነት ነው። ሁሉም በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ መርከቡ ከመጠን በላይ አልጫነም። ሕጉ ግን ቀድሞ ከነበረው መጠባበቂያ ላይ ቆርጦ ለንግዱ ሰጥቷል። ክዳኑም ያፍስ፣ ሆዱም ድንጋይ ይንካ፣ የትኛውም ምክንያት እውነት ቢሆን፣ ያ አንድ ሜትር ቢኖር ኖሮ መርከቡ ብዙ ሰዓት ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። የቀረው 27 ኪሎ ሜትር ነበርና ሰዓት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ሌላም ክፉ ነገር ነበር። በጭነት ክፍሎቹ መካከል ያሉት ግድግዳዎች ውኃ የሚያግዱ አልነበሩም። በአንዱ በኩል የገባ ውኃ ወደ ሌላው ያልፋል፤ መርከቡ በፊቱ በኩል ሲከብድ አፍንጫው ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ የሚቀጥለው ማዕበል ይበልጥ ይይዘዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተለወጠ። የጥልቀት መለኪያ ግዴታ ሆነ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሰውነትን የሚያሞቁ ልብሶች ለእያንዳንዱ መርከበኛ ተዘጋጁ። ከአውሎው ወቅት በፊት በየዓመቱ የመርከቦች ምርመራ ይደረጋል። ከ1968 ወዲህ በእነዚያ ሐይቆች ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ የጭነት መርከብ አልሰመጠም። በ1968 መጨረሻ ላይ ጎርደን ላይትፉት የተባለው ካናዳዊ ዘፋኝ ስለ መርከቡ ያወጣው ዘፈን ታሪኩን ከሐይቁ ዳር ውጪ ላለው ዓለም አደረሰ። ሰኔ 27 ቀን 1987 ዓ.ም. የመርከቡ ደወል ከጥልቁ ወጥቶ በዋይትፊሽ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በቦታው የ29ኙ ስም የተጻፈበት ሌላ ደወል ቀፎው ላይ ቀርቷል።

ጎጀብ የሚገባበት ሐይቅ

የቦንጋ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይስማ? የምመልሰው በጎጀብ ነው። ጎጀብ ካፋን ከጅማ ይለያል፤ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ኦሞን ይገናኛል። ከጥንት ጀምሮ ክረምት ላይ መሻገሪያ የሚያሳጣ፣ በጋ ላይ የሚያሳልፍ ወንዝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ሲመረቅ ግን የወንዙ ማብቂያ ተለወጠ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውኃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይረዝማል፤ ስፋቱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጎጀብም ወደዚያ ውኃ ይገባል። ቀድሞ ገደል የነበረው አሁን የጀልባ መንገድ ሆኗል። በዳውሮ በኩል የሐላላ ኬላ ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው፤ ሌላ ሐይቅ ይከተላል። የህዳሴው ግድብ ሐይቅ ንጋትም አለ። የኛ አገር በአንድ ትውልድ ውስጥ የሐይቅ አገር እየሆነች ነው፤ ሐይቁ ግን ከጀልባ ልማዱ ቀድሞ መጥቷል።

ጣና ዳር ያደገ ልማዱ አለው። ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት የሚያደርስ ሰው ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ያውቃል፤ ማልዶ ይሄዳል፣ ማልዶ ይመለሳል። ጣና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ትልቅ ባይሆንም ዝቅ ያለ ጎን ያለውን ታንኳ በፍጥነት ይሞላዋል። ይህን ዕውቀት ያመጡት ብዙ ትውልዶች ናቸው።

የኦሞ ሸለቆ ሐይቅ እንዲህ ያለ ባለ ዕውቀት ገና አላፈራም። ጠባብና ረጅም ነው፤ ሸለቆው ነፋሱን ሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ያሮጠዋል። ዳርቻው ገደል ስለሆነ ችግር ሲመጣ ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ውኃው እንደ ዝናቡና እንደ ተርባይኑ ሥራ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ባለፈው ወር ጥልቅ የነበረው ቦታ በዚህ ወር ድንጋይና የዛፍ ጉቶ ሊያሳይ ይችላል። በካሪቡ ደሴት አጠገብ ተነሣ የተባለው ጥርጣሬ እዚህ የየወቅቱ እውነት ነው። ጉዞው የሚበዛው ደግሞ መቼ ነው? በገበያ ቀን ማታ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ቡና ተሸጦ ሰው ገንዘብ በያዘበት ወቅት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መሻገር ይፈልጋል፤ ጀልባው የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ በሸለቆው ሐይቅም፣ በጣናም፣ በንጋትም ጀልባ ለምታሠሩና ለምታንቀሳቅሱ የምለምነው ይህ ነው። ጀልባውን መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በሚችለው ጭነት ውኃ ላይ አስቀምጡና በጎኑ ላይ መስመር በደማቅ ቀለም ሥሩ፤ ዳር የቆመ ልጅ ሳይቀር እንዲያየው። ከመስመሩ በላይ አንድ ኬሻም፣ አንድ ሰውም አታስገቡ። የሕይወት አድን ጃኬቱን ቁጥር በወንበሩ ሳይሆን በተሳፋሪው ልክ አድርጉ፤ የታሰረ ሳይሆን የተለበሰ ይሁን። የወረዳና የዞን ትራንስፖርት ኃላፊዎችም ጀልባ ፈቃድ ሲያገኝ ያንን መስመር ለኩ፤ በየዓመቱም ከገበያው ወቅት በፊት ተመልሳችሁ እዩት። ሰው ዳር ላይ ተሰልፎ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ «የመጨረሻው ጀልባ ነው፣ ጨምሩን» ሲል ደግሞ ሞተሩን አጥፉና ነገ ጠዋት ኑ በሏቸው።